የዓርማው ግራ እጅ

የጥልፍ ሠሪዋ ባልና ወንድም የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። ሳሎኗ ጠባብ ስለሆነች ሁለቱ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አይቀረውም፤ ያም ሆኖ አንዱ ለሌላው ያለውን ነገር መጀመሪያ ለእሷ ነው የሚያቀብለው።

«ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንዲጠጣ ንገሪው ለወንድምሽ» ይላል ባል።

«ቀዝቃዛ እንደምወድ ንገሪው ለባልሽ» ይላል ወንድም።

«ሰማህ?» ትላለች እሷ።

«ምን አለ?» ይላል ባል፣ ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ።

እሷም መርፌዋን ሳታስቀምጥ ቃሉን ከዚህ ወደዚያ ታሻግራለች። እንግዳ የመጣ ቀን ሰው በሳቅ ይፈርሳል፤ ቤተኛው ግን ለምዶታል። ያልለመደችው እሷ ብቻ ናት። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የሰው ዓይን የምትፈራ ሴት ስለሆነች ሁለት ወንዶችን «ተዉ!» ብላ መቆጣት አይሆንላትም። ሲከፋት ክር ትመርጣለች፤ ክር ስትመርጥ ዓይኗ ይጠባል፣ አፏ ይዘጋል፣ የሚያውቋትም ያን ጊዜ አይጠጓትም።

ባልየው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ የሚያንጠባጥብ የጎረቤት ቧንቧ ሲያጠብቅ ይውላል። ወንድምየው ግንበኛ ነው። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ከመሃል ወዲያ ስለሌለ ሰፈሩ «ዘጠኝ ተኩል» ይለዋል። እሱም ሲጠሩት «አቤት» ይላል። በቅጽል ስሙ አይቀየምም፤ ፊቱ የሚጠቁረው ጣቱ የሄደበትን ቀን ሲያነሡበት ነው።

ያን ቀን ሁለቱም ጎረምሶች ነበሩ። የላይኛው ሰፈር የውሃ ማማ ሲሠራ ባልየው ከታች ሆኖ ገመድ ይስባል፤ ወንድምየው ከላይ የእንጨት ርብራቡ ላይ ቆሞ በመዘውር የሚወጣለትን የሲሚንቶ ባልዲ ይቀበላል። ድንገት ገመዱ የወንድምየውን ጣት ይዞ ወደ መዘውሩ ገባ። ወንድም «እጄን ሳላወጣ ሳበው» ይላል። ባል «ገመዱ ሳይቆም እጁን ከተተ» ይላል። ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘመድ ገብቶበት ድሮ ባለቀ ነበር። ለወንድምየው ያልተዋጠለት ሌላ ነው። ራሱን ስቶ ከመውደቁ በፊት ወደ ታች ሲመለከት ያየው የእህቱን ባል ጀርባ ነበር፤ እየሮጠ ሲሄድ። ጥሎት ሲሮጥ።

«ለምን ሮጥክ?» ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃዋለች ባሏን።

«ሮጥኩ» አላት። ሌላ አልጨመረም። እሷም የተዘጋ በር ደጋግማ የምታንኳኳ ሰው አይደለችም። ያኔ ባሏ ቁስለኛውን ሊጠይቅ ሲሄድ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረበት፤ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ።

አሁን ደግሞ ወንድምየው ሊሄድ ነው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ቤቱ አልሞቅ ብሎታል፤ ሩቅ አገር ያለው ልጁም «አባዬ፣ ና ከኛ ጋር ኑር» እያለ ጨቅጭቆ ጨቅጭቆ አሳምኖታል። የጀመረውን የትምህርት ቤት አጥር እንደጨረሰ ይሄዳል። ጥልፍ ሠሪዋ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሳይሄድ በፊት ሁለቱ እሷን መሃል ሳያስገቡ አንዲት ቃል ሲለዋወጡ መስማት። ይታረቁ እንኳን አላለችም። ዕርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እሷ ትልቅ ነገር መመኘት አትወድም።

በዚህ መሃል ነው የዓርማው ሥራ የመጣላት።

የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ቀድሞ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ከተሞች ነበሩ። የላይኛው ዓርማ ኮረብታ ላይ የቆመ የውሃ ማማ ነበር፤ የታችኛው የጡብ ምድጃ። አንድ ከተማ ሁኑ ሲባሉ መጀመሪያ የታሰበው ሁለቱን ሥዕሎች ማጋጠም ነበር። ሲያጋጥሟቸው ግን ማማው የሚጨስ መሰለ፤ ሰውም «የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው?» እያለ ሣቀ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ንድፍ የምታወጣ አንዲት ወጣት ሴት ቀጠረ። የመሰብሰቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ሰንደቅ ግን በእጅ ይጠለፍ ስለተባለ፣ ንድፍ ሠሪዋ ወረቀቷን ጠቅልላ ወደ ጥልፍ ሠሪዋ ቤት መጣች።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ክብ ነው። ዙሪያውን የጡብ ረድፍ ከቦታል፤ ከታች ሦስት የውሃ ሞገድ አለ፤ መሃል ላይ አንድ ገመድ ሰያፍ ወርዷል። ገመዱን ሁለት እጆች ይዘውታል፤ አንዱ ከግራ የመጣ፣ አንዱ ከቀኝ የመጣ። ጣቶቹ ገመዱን ዞረው ጫፋቸው ወደ ተመልካቹ ወጥቷል።

«ሁለት ሰፈር፣ አንድ ውሃ» አለች ንድፍ ሠሪዋ። «ገመዱን መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ ነበር የሣልኩት፣ እማማ። ቀጥ ሲል ግን አንዱ እጅ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናል። ስብሰባው ሊፈርስ ነበር!»

«በምን?»

«በማነው ከላይ! የላይኞቹ ‹ስማችን ላይኛው ነው› አሉ። የታችኞቹ ደግሞ ‹ከላይ ያለው እጅ ገመዱን ይነካል እንጂ ክብደቱን የሚይዘው የታችኛው ነው› ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። በአግድም ብሥለው የገመድ ጉተታ መሰለ፤ ‹አሁን ገና እውነቱን ሣልሽው› አሉኝ። እኔም ሰያፍ አድርጌ፣ ግራውን እጅ ለታችኞቹ፣ ቀኙን ለላይኞቹ ሰጥቼ ገላገልኳቸው። የፈለገ የፈለገውን ይበል።»

ጥልፍ ሠሪዋ ሣቀች፤ ስትሥቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጡቦቹን ወደደቻቸው። ሞገዱንም ወደደችው። እጆቹ ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗን ተክላ ቀረች። መስመራቸው ልክ ነው፤ ግን ጓንት ይመስላሉ። ክር የሥጋን መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቆዳው የት እንደተወጠረ፣ የት እንደተሸበሸበ ካላወቁ ጥልፉ የተነፋ ነገር ይሆናል። አበባ ስትጠልፍ አበባ ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጣለች። እጅ ስትጠልፍስ?

የራሷን እጅ ሞከረች፤ ትንሽና ለስላሳ ነው። ባሏን ጠራችውና ገመድ አስያዘችው። ያ ጥሩ ሆነላት፤ ግን አንድ እጅ ብቻውን ገመድ ሲይዝና ሁለት ሰው አብሮ ሲይዝ እጁ አንድ አይደለም። አብሮት የሚስብ ሰው ሲኖር አውራ ጣቱ ሌላ ነገር ይሠራል።

«ሌላ ወንድ እጅ ያስፈልገኛል» አለችው።

«ጎረቤት ልጥራልሽ።»

«የሠራተኛ እጅ ይሁን ብላለች ንድፍ ሠሪዋ። ግራ እጅ።» ክሩን በከንፈሯ እያራሰች፣ «ወንድም ጋሼን ልለምነው መሰለኝ» አለች።

ባልየው ተነሥቶ ባልዲ ሊፈልግ ወጣ። ይህ ከእሱ እሺታ ነው፤ ስንት ዓመት አብራው ኖራለች።

ወንድሟ ከሥራ መልስ ኖራ እንደነካው መጣ። ሊታጠብ ሲል ከለከለችው፤ ኖራው የእጁን ሽብሽብ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ባልየው ከበሩ በላይ ባለው ብረት ገመድ አሳልፎ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ ነበር። ወንድምየው ባልዲውን ዞሮ አየ፤ ቋጠሮውንም ጎንበስ ብሎ መረመረ።

«ይሄ ቋጠሮ ይይዛል ወይ በይው።»

«ከሱ ግንብ ይሻላል በይው።»

«እኔ የገነባሁት አጥር አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም በይው!»

«እሺ፣ እሺ» አለች ጥልፍ ሠሪዋ። «አሁን ያዙልኝ።»

ያዙ። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ፊታቸውን ግን አንዱ ወደ መስኮት፣ አንዱ ወደ ቁም ሣጥን አዙረው ነበር። ባልዲው ትንሽ ወረድ ሲል ሁለቱም ደነገጡ።

«አትልቀቅ በይው!»

«አልለቀቅሁም፤ እሱ ነው ሳልይዝ የሳበው በይው!»

ያን ቀን ማማው ላይ የሆነውን በዚህችው ጠባብ ሳሎን እንደገና ያሉት ያህል ሆኖ ተሰማቸው። «ክንዳችሁ ደክሞ ነው፤ ትንሽ ዕረፉ» አለች፤ እነሱ ግን አላረፉም። ማን ቀድሞ ደከመኝ ይበል?

እንዲህ እንዲህ እያለ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ሥራው ገፋ። እሷ ጨርቁን ፍሬሙ ላይ ወጥራ አንድ አንድ ጣት እየያዘች ትጠልፋለች፤ ብርሃኑ ሲዞር ፍሬሙንም ታዞራለች፤ አንዳንዴም እጁን ዘቅዝቃ ነው የምትሠራው። ቆዳ አንድ ቀለም አለመሆኑን ያወቀችው አሁን ነው ማለት ይቻላል። መገጣጠሚያው ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ጅማቱ ላይ ማር ይመስላል፤ ጥፍሩ ሥር ፈዘዝ ያለ ቀይ ይወጣል። የሁለቱም አውራ ጣቶች ገመዱን ጠበቅ አድርገው ነበር የያዙት፤ ጓደኛውን የሚያምን ሰው አውራ ጣት ላላ ይላል። ላላ አድርጋ ልትጠልፋቸው አሰበችና ተወችው። ያላየችውን መጥለፍ አይሆንላትም። ከተማውም ቢሆን፣ አለች በልቧ፣ አንድ ሁኑ ስለተባለ ብቻ እጁ ወዲያው አይላላም።

አለቀና ወስዳ አስረከበች።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ወለሉ በሰም ያበራል፤ እሷ ጫማዋ እንዳይንጫጫ በጣቷ ጫፍ ነው የተራመደችው። ከላይኛውም ከታችኛውም የመጡ የኮሚቴ ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ቆሙ። ሰንደቁ ተዘረጋ። አንዱ ሰውዬ ሳያውቀው የራሱን እጅ አውጥቶ ከጥልፉ ጋር ሲያስተያይ አየችው፤ ልቧ ሞቀ። ወዲያው ግን ከታችኛው ሰፈር የመጡ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ጣት ወዴት ሄደች?»

ጥልፍ ሠሪዋ አየች። እውነትም የግራው እጅ የቀለበት ጣት ከመሃል ተቆርጦ ነበር፤ ጫፉ በደንብ ተጠቅልሎ፣ ቆዳው እንደ ከረጢት አፍ ተሰብስቦ፣ አሳምራ ጠልፋዋለች። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ያን እጅ ለዘመናት አይታው ጉድለቱ ከዓይኗ ጠፍቷል፤ ለእሷ ሙሉ እጅ ነው።

«ግራው የእኛ ነው ተብሏል አይደል?» አሉ አዛውንቱ። «ጎዶሎ እጅ ለእኛ?»

«ክብደቱን የምንይዘው እኛ ነን ያላችሁት እናንተ ናችሁ» አለ አንድ የላይኛው ሰፈር ሰው። «ክብደት ያለው ነገር ጣት ይበላል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ አዛውንቱ ብቻ አልሣቁም። ንድፍ ሠሪዋ «እኔ እንዲህ ቢቀር እወዳለሁ፤ የሠራ እጅ ነው» ብላ ተከላከለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው፣ ጥልፉን በመዳፋቸው ሳይነኩት ከላዩ ላይ አለፉበት።

«ሥራዎ እጅግ ያምራል፣ እማማ» አሏት። «ግን ይሄ እጅ የአንድ ሰው ሆነ። ሳየው ‹ማነው?› እላለሁ። ዓርማ ላይ ያለ እጅ ግን ሁሉም ‹የኔ ነው› እንዲለው የማንም መሆን አለበት። ጣቱን ይጨምሩልን።»

አልተከፋችም። መንገዱን ሁሉ ስታስበው ልክ ናቸው አለች። የጎረቤቱን ልጅ ፎቶ ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ሰው የለም። የከተማ እጅ የሁሉም እንዲሆን ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላውም ትንሽ መተው አለበት። ያም ሆኖ የወንድሟን እጅ ልትተው መሆኑ ከሆዷ አልወጣላትም።

ወንድሟ የመጣው አጥሩን ጨርሶ፣ ሻንጣውን አስሮ ነው። በማግስቱ ይሳፈራል። ነገሩን ስትነግረው ሳቁ ከሳሎኑ አልፎ ደጅ ወጣ።

«እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ጣት ሰጠኝ በይኛ! አሥር ሊሉኝ ነው ከእንግዲህ?»

«ቀኝ እጅህን ስጠኝ፤ የዚያኛውን ጣት አይቼ ገልብጬ እጠልፈዋለሁ።»

ባልየው ጥግ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ቧንቧ ጭኑ ላይ አድርጎ ይፈታል። እሷ የወንድሟን ቀኝ ጣት እያየች የሚጨመረውን ጫፍ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ነደፈች። ቀጥ ያለ፣ መልካም ጣት ወጣ። ወንድሟም «ኧረ አማረብኝ» አለ።

«እንደዚያ አልነበረም» አለ ባልየው፣ ቀና ብሎ ንድፉን እያየ።

«ምኑ?» አለች።

«ጫፉ። ቀኙ ነው ቀጥ ያለው። ግራው ወደ ትንሿ ጣት ያጋደለ ነበር። ጥፍሩም ከቀኙ ሰፋ ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ ጠባሳ ቢጤ ነበረው፤ መዶሻ ስቶ የመታው ይመስለኛል።»

ወንድምየው የግራ እጁን አንሥቶ ባዶውን ቦታ ተመለከተ። እሷም ተመለከተች። እህት ሆና ማጋደሉን አላስታወሰችውም።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለ ወንድምየው።

ጥልፍ ሠሪዋ «በይው» እስኪላት ጠበቀች። አላለም። ዓይኑ ባሏ ላይ ነበር። ባሏም እንደ ልማዱ ወደ እሷ ዞሮ እንድታሻግርለት ጠበቀ፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ጠመኔውን ማራገፍ ጀመረች። በሕይወቷ እንደዚያ ጊዜ ደፍራ አታውቅም።

«እኔ አይደለሁ ያነሣሁት?» አለ ባልየው መጨረሻ ላይ። «እግሬ ሥር ወደቀ። በመሃረቤ ጠቅልዬ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። ይሰፉታል ብዬ።»

«ጥለኸኝ ነው የሮጥከው።»

«ይዤው ነው የሮጥኩት! አንተን የሚያወርድህ ሰው ሞልቷል። ጣቷን ማን ያስታውሳታል ብዬ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ሐኪሙ አያትና ‹ባለቤቱ የት አለ?› አለኝ። ባለቤቱ! እኔ እኮ ጣቷን ቶሎ ማድረስ እንጂ … ‹ያለ ሰውዬው ምን ላድርጋት?› አለኝ። ስመለስ በታችኛው መንገድ ወስደውሃል፤ ተላለፍን። ሌላ ክሊኒክ ነው የገባኸው።»

ወንድምየው ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ። «ታዲያ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም?»

«ልነግርህ መጣሁ፤ ለግድግዳ ፊትህን ሰጠህ። ለጀርባህ ልንገረው? ከዚያ ዋለ፣ አደረ። ሰነበተ። የሰው ጣት በኪሱ ይዞ የሚዞር እየተባልኩ መሣቂያ ልሁን?»

«በኪስህ ነው የያዝካት?»

«ታዲያ በምን ልያዛት፣ በባርኔጣ?»

ወንድሟ ሊቆጣ ይሁን ሊስቅ ፊቱ አልወሰነም።

«የት አደረስካት?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ቀበርኳታ። ማማው ሥር። በወንዙ በኩል ካለው ምሰሶ አጠገብ፤ መሠረቱ ውስጥ።»

«በወንዙ በኩል? አይሆንም። የዚያ ምሰሶ መሠረት ያን ሳምንት ተሞልቶ ደርቋል።»

«አልተሞላም።»

«ተሞልቷል እልሃለሁ! ግንበኛው ማነው? እኔ ነኝ!»

«ቀባሪው ማነው? እኔ ነኝ!»

«በመንገዱ በኩል ያለው ይሆናል እንጂ!»

«በእጄ ቆፍሬ!»

ሁለቱም ተነሥተው ቆመዋል። ጉልበታቸው ተነካክቷል። ድምፃቸው መስኮቱን ያርገበግበዋል፤ ጎረቤት ሰምቶ ተጣሉ ሳይል አይቀርም። ጥልፍ ሠሪዋ «ቀስ በሉ» ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና ተወችው። ጩኸቱ ሁሉ ከአንዱ አፍ ወጥቶ በቀጥታ ሌላው ጆሮ ይገባ ነበር። ዓይኗን እንባ ጋረደውና ጨርቁ ደበዘዘባት።

«ና አሳየኝ!» አለ ወንድምየው ኮፍያውን እያነሣ። «ና! ዛሬ ካላሳየኸኝ ነገ የለሁም።»

«የት ሄጄልህ! ና አንተው!»

ወጡ። ቧንቧው ጥግ ላይ ተበታትኖ ቀረ። ከመስኮቱ ሆና ሽቅብ መንገዱን ሲይዙ አየቻቸው፤ ባሏ እጁን ወደ ወንዙ ይዘረጋል፣ ወንድሟ የራሱን ወደ መንገዱ ይዘረጋል፤ አንድ ሰው ሊያሳልፋቸው ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። ማማው ከወዲያ ማዶ ከጣሪያዎቹ በላይ ይታያል፤ አሁን ሁለቱም ሰፈሮች ከሱ ነው የሚጠጡት።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በጠመኔ የነደፈችውን ቀጥ ያለ ጣት በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው። የተሰበሰበውን የከረጢት አፍ ቀስ ብላ ፈታችና አዲሱን ጫፍ ወደ ትንሿ ጣት አጋድላ ጀመረችው። ለጥፍሩ ፈዘዝ ያለ ቀይ ክር መርጣ ሰፋ አድርጋ ሠራችው። ጠባሳው ላይ ስትደርስ መርፌዋን አቆመች። ሰብሳቢው ያሉትን አስታወሰች። ጠባሳ የአንድ ሰው ነው፤ ማጋደል ግን የብዙ ሰው ጣት ያጋድላል። ጠባሳውን ተወችውና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።